ክፍሉን ትያትር ቤት ሳታደርጉ የምርጫ መብት ታሪክን በሚና ጨዋታ ማስተማር

የታሪክና የዜግነት ትምህርት መምህራን የሚና ጨዋታን ይሞክሩትና አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይተዉታል። ምክንያቱም ይታወቃል። ሦስት ቀልደኛ ተማሪዎች መድረኩን ይይዛሉ። አንዱ ንጉሥ ይሆናል፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ደግሞ ድምፁን አቅጥኖ አሮጊት ይሆናል። አርባ ሰባቱ ቁጭ ብለው ይስቃሉ። ደወል ሲደወል ማን መምረጥ ይችል እንደነበር፣ ማንስ እንደማይችል የሚያውቅ ተማሪ የለም። ወይም ጨዋታው ወደ ዘንድሮ ፖለቲካ ይዞርና ክፍሉ በጭቅጭቅ ይበተናል።

እዚህ ያለው አካሄድ ሌላ ነው። ተማሪው ንግግር አይሸመድድም፣ ድምፅ አያስመስልም። አንድ ካርድ ይይዛል። የዘመኑ ሕግ ይነበባል። ካርዱን ይዞ ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ወይ ይመዘገባል ወይ ይመለሳል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሕጉ ነው እንጂ የተማሪው ትወና አይደለም።

ጨዋታው አራት ዙር አለው፦ 1923፣ 1950፣ ከ1967 እስከ 1979፣ እና 1987 ዓ.ም.። አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ሁለት ብቻ ካላችሁ 1923ን እና 1950ን ሥሩ፤ የቀረውን በሰሌዳ ላይ አስረዱ። አራቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ ግን አትሞክሩ። ሩጫ ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ከሳምንት በፊት የሚሠራ

ፈቃድና ማሳወቂያ

ለርዕሰ መምህሩ በግማሽ ገጽ ጻፉ። የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ጨዋታው 1987 ላይ እንደሚቆም ግለጹ። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ አትርሱ። በኋላ አንድ ወላጅ «ልጄን ፖለቲካ አስተማራችሁ» ብሎ ቢመጣ የምታሳዩት ወረቀት ይህ ነው።

የአገር አቀፍ ምርጫ ቅስቀሳ በሚካሄድበት ወር አታድርጉት። ወደ ሌላ ወር ግፉት።

ካርዶቹ

አሥር ዓይነት ካርድ ያስፈልጋል። 50 ተማሪ ካለ እያንዳንዱን በአምስት ቅጂ፣ 60 ካለ በስድስት ቅጂ አዘጋጁ። ፎቶ ኮፒ ከሌለ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከሰሌዳ ይገልብጡ፤ አንድ ደብተር ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ ይበቃል። በካርዱ ላይ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ ንብረትና መኖሪያ ብቻ ይጻፍ፤ ካርድ 9 ላይ ብቻ ትውልዱና ዜግነቱ ይጨመር።

1. መኳንንት፣ ወንድ፣ 55 ዓመት። ሰፊ መሬትና በከተማ የሚከራዩ ቤቶች አሉት።
2. የአጥቢያ ሹም፣ ወንድ፣ 48። በወረዳው መሬት አለው።
3. ጭሰኛ ገበሬ፣ ወንድ፣ 40። መሬት የለውም፤ ሌላ ንብረትም የለውም።
4. ገበሬ፣ ሴት፣ 35። በስሟ የተያዘ ንብረት የለም።
5. ነጋዴ፣ ሴት፣ 42። በወረዳዋ ሦስት የሚከራዩ ቤቶች አሏት።
6. መምህር፣ ወንድ፣ 24። የሚኖርበት ቤት የራሱ ነው።
7. የቤት ሠራተኛ፣ ሴት፣ 19። ንብረት የላትም።
8. አርብቶ አደር፣ ወንድ፣ 38። ከብቶች አሉት፤ ቋሚ ቤት የለውም።
9. ነጋዴ፣ ወንድ፣ 50። የተወለደው ከውጭ አገር ወላጆች ነው፤ በኋላ የኢትዮጵያ ዜግነት አግኝቷል። ሱቅ አለው።
10. ተማሪ፣ ሴት፣ 17።

ብሔር አትጻፉ። ሃይማኖት አትጻፉ። ስም አታውጡ፤ ስም በራሱ ብዙ ይናገራል። ይህ ከጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ካርዱ ላይ ብሔር ካለ ተማሪው ሕጉን ትቶ ስለ ብሔሩ ማሰብ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሕጉ መመለስ ከባድ ነው።

ካርዱን እናንተ አታድሉ፤ ዕጣ ይውጣ። ጫማው ለተቀደደ ልጅ «ንብረት የላትም» የሚል ካርድ መምህር በእጁ ሲሰጠው ክፍሉ ያያል። ልጁም አይረሳውም።

ሌሎች ዕቃዎች

- አንድ ካርቶን። አናቱ ላይ ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበሳ። ይህ ኮሮጆአችሁ ነው።
- ፕላስተር፣ ለማሸጊያ።
- የማኅተም ቀለም ወይም እስክሪብቶ፣ ለጣት ምልክት።
- ሁለት ዴስክ እና አንድ ነጠላ ወይም ትልቅ ካርቶን፣ ለምስጢር ድምፅ መስጫ።
- የመዝገብ ደብተር።
- የድምፅ መስጫ ወረቀት። ለምርጫ ዙሮቹ ለእያንዳንዳቸው ከተማሪው ቁጥር በጥቂት የሚበልጥ፤ የሚበላሽ አይጠፋም።

ለዕጩዎች የሚሆኑ ምልክቶችን አስቀድማችሁ ምረጡ፦ ጀበና፣ ጃንጥላ፣ መሰላል፣ ሰዓት። ንብንና አምፖልን የመሳሰሉ ፓርቲዎች የተጠቀሙባቸውን ምልክቶች ተዉ። ንብ ስታዩ ፈገግ የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ፈገግታው ደግሞ ብቻውን አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ሕጎቹን ማስቀመጥ (የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ 10 ደቂቃ)

ዕጣው ከወጣ በኋላ አራት ሕጎችን በሰሌዳ ጻፉ። ጨዋታው እስኪያልቅ አይጥፉ።

1. የሌላ ሰው አነጋገር ማስመሰል የለም። «እኔ ካርድ ቁጥር 4 ነኝ» ብሎ መናገር በቂ ነው።
2. ካርድ መቀያየር የለም።
3. ዕድሜያችሁ በየዙሩ አይጨምርም። የ17 ዓመቷ ተማሪ በአራቱም ዙር 17 ናት።
4. ከ1987 ወዲህ ያለ ጥያቄ በማቆያ ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ሦስተኛውን ሕግ ተማሪዎች ወዲያው ይቃወማሉ። «ቲቸር፣ ከ1923 እስከ 1987 ድረስማ ትሞታለች!» ይላሉ። ልክ ናቸው። ይህ የአንድ ሰው ሕይወት ታሪክ እንዳልሆነ ንገሯቸው። ያንኑ ዓይነት ሰው በአራት ዘመን ሕግ ፊት እያቆምነው ነው። ካርዱ ሳይለወጥ ሕጉ ሲለወጥ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

የማቆያ ወረቀት ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባዶ ካኪ ወረቀት ነው።

ሰሌዳው ቀኝ ጥግ ላይ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ «ዘመን»፣ «ስንት ካርድ መረጠ»፣ «ዕጩውን ማን አቀረበ»። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ መምህራን አይሠሩትም። እሱ ከሌለ ታሪኩ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መሰላል ይመስላል፤ የመራጩ ቁጥር ጨመረ፣ ጨመረ፣ አለቀ። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ዙር አንድ፣ 1923 (25 ደቂቃ)

ሕጉን አንብቡ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው በመኳንንትና በሹማምንት ይመረጣሉ።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ካርድ 1 እና 2 የያዙ ይነሱ። በ50 ተማሪ ክፍል 10 ናቸው።
2. ወደ ፊት ወጥተው ከመካከላቸው ወይም ከክፍሉ ሦስት የሕግ መምሪያ አባላት ይምረጡ። አምስት ደቂቃ ስጧቸው።
3. የቀሩት 40 አይናገሩም። እያንዳንዳቸው በብጣሽ ወረቀት «ለተመረጠው ሰው ምን እነግረው ነበር?» ለሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።
4. ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ለተመረጡት ስጡ። እንዲያነቡ አታስገድዱ። ያነበቡትን፣ ሳያነቡ ጠረጴዛ ላይ የተዉትንም ክፍሉ ያያል።
5. በሠንጠረዡ «10» ብላችሁ ጻፉ። በሦስተኛው ዓምድ «መኳንንትና ሹማምንት»።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እስኪችል ድረስ» የሚለውን ቃል ማን ነው የሚፈታው? ሕዝቡ መቻሉን ማን ይመሰክራል? መልሱን አትንገሯቸው። ካርድ 6ን የያዙት መምህራን እዚህ ላይ ብዙ የሚሉት አላቸው።

ካልሠራ፦ የተቀመጡት 40 መንጫጫት ከጀመሩ «ዝም በሉ» እያላችሁ አትጩኹ። «በዚህ ዙር ድምፅ የላችሁም» በሉና ወደ ወረቀታቸው መልሷቸው። አሥሩ መራጮች ጓደኞቻቸውን ብቻ ቢመርጡም አታርሙ። ያን ነገር ራሱን በኋላ ትጠይቁበታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ዙር ሁለት፣ 1950 (ሙሉ ክፍለ ጊዜ)

ይህ ዙር ከሁሉም ሀብታም ነው። ጊዜ አትሰስቱበት።

ሕጉን አንብቡ። በ1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላቸው፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆኑ፣ በአንድ የምርጫ ወረዳ ለሚኖሩ ወይም አዘውትረው ለሚገኙ በምስጢር ድምፅ የመምረጥ መብት ሰጠ። ሴቶችም ይመርጣሉ። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት መሙላትና በወረዳው ንብረት ያለው ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። ፓርቲ የለም። የሕግ መወሰኛው አባላት አሁንም ይሾማሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከተመራጮቹ ግማሽ አይበልጥም። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1950 መጀመሪያ ላይ ነው።

ምዝገባ (15 ደቂቃ)

1. ሁለት መዝጋቢዎችና ሁለት ታዛቢዎች ከፈቃደኞች ውሰዱ። ካርዳቸውን እንደያዙ ይሠራሉ።
2. ሁሉም ተሰልፎ ካርዱን ያሳይ። መዝጋቢው ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ዕድሜ? በትውልድ ኢትዮጵያዊ? የት ነው የምትኖረው?
3. ያለፈው በመዝገቡ ይጻፍ። የወደቀው ምክንያቱን በካርዱ ጀርባ ጽፎ ይቀመጥ።

ካርድ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 8 ያልፋሉ። ካርድ 7 እና 10 በዕድሜ፣ ካርድ 9 በትውልድ ይወድቃሉ። ከ50 ተማሪ 35 ይመዘገባል።

ካርድ 8 ላይ ሰልፉ መቆሙ አይቀርም። መዝጋቢው «ቤት የለህም» ብሎ ይመልሰዋል፣ አርብቶ አደሩ ይከራከራል። ሁለት ደቂቃ ተዉአቸው። ከዚያ ሕጉን እንደገና ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ «አዘውትረው የሚገኙ»። ይመዘገባል። ቀጥሎ ጠይቁ፦ መዝጋቢው ይህን ቃል ባያስታውስስ? ወይም መመዝገቢያው የሁለት ቀን መንገድ ቢርቅስ? በወረቀት ላይ ያለ መብትና በእጅ የገባ መብት እንደሚለያዩ ተማሪው በራሱ አፍ ሲናገር ትሰማላችሁ።

ዕጩዎች (5 ደቂቃ)

መመረጥ የሚችሉት ካርድ 1፣ 2 እና 5 ናቸው። የካርድ 8 ከብቶች በወረዳው እንዳለ ንብረት ይቆጠራሉ ወይ የሚለውን ክፍሉ በእጅ ብልጫ ይወስን፤ ይህ የጨዋታው ውሳኔ መሆኑን ግን ንገሯቸው። ካርድ 6 ቤት አለው፣ አንድ ዓመት ግን ይጎድለዋል። መናደዱ አይቀርም፤ ይናደድ።

ከእነዚህ ውስጥ አራት ሰው ራሱን ያቅርብ፤ ምልክት ይውሰድ። እያንዳንዱ በግሉ አንድ ደቂቃ ይናገር። ቡድን መሥርቶ መቀስቀስ የለም።

ድምፅ መስጠት (10 ደቂቃ)

1. ካርቶኑን ገልብጣችሁ ባዶ መሆኑን ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ በፕላስተር አሽጉ።
2. ስም ሲጠራ መራጩ ወረቀት ይውሰድ፣ መዝገቡ ላይ ይፈርም።
3. ነጠላው ጀርባ ሄዶ በአንድ ምልክት ላይ የኤክስ ምልክት ያድርግ። ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ያስገባ።
4. ጣቱ ላይ ቀለም ይደረግ።

ከዕጩዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ የሕግ መምሪያ አባላት ይሁኑ። ቀጥላችሁ እናንተ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ፣ አንድ ተማሪ በጣታችሁ ጠቁማችሁ የሕግ መወሰኛ አባል አድርጋችሁ ሹሙ። ሰላሳ አምስት ሰው ተሰልፎ ሁለት ሲመርጥ እናንተ በአንድ ጣት አንድ ሾማችኋል። ይህን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በሠንጠረዡ «35» ጻፉ። በሦስተኛው ዓምድ «ንብረት ያለው ሰው በግሉ»።

ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ በዚያ ምርጫ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆኑ ንገሯቸው። ካርድ 4ን እና ካርድ 5ን የያዙትን አስነስታችሁ ጠይቁ፦ ከሁለታችሁ ማን እንደ እሳቸው መወዳደር ይችላል? ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ይመርጣሉ። የምትወዳደረው ግን አንዷ ብቻ ናት።

ካልሠራ፦ ኮሮጆው ውስጥ ትርፍ ወረቀት ሲገኝ

ይህ የሚመጣ ነገር ነው፤ ተዘጋጁ። 35 ሰው ፈርሞ 38 ወረቀት ይወጣል። አንዱ ቀልደኛ ሦስት ትርፍ ወረቀት ጠቅልሎ ከቷል።

አትቆጡ፣ «ማን ነው?» ብላችሁም ምርመራ አትጀምሩ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቆጠራውን አቁሙ። ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳ ጻፉ፦ የፈረመ 35፣ የተገኘ 38።
2. ታዛቢዎቹ ያዩትን ይናገሩ። ብዙ ጊዜ ያየ የለም፤ ወሬ ላይ ነበሩ። ይህ ራሱ ይመዝገብ።
3. ክፍሉን ጠይቁ፦ ሦስቱን እንዴት እንለያለን? ድምፁ ምስጢር ስለሆነ መለየት አይቻልም። ተማሪዎች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።
4. ሦስት አማራጭ ስጡ፦ ምርጫውን መድገም፣ በአሸናፊውና በተሸናፊው መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ከሦስት በላይ ከሆነ ውጤቱን መቀበል፣ ወይም ሁሉንም መሰረዝ። ይወስኑ። ምክንያቱ በመዝገቡ ይጻፍ።

ጊዜ ከሌለ መድገሙን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አሳድሩት። ኮሮጆ ገልባጩ ተማሪ ሳይታወቅ ይቅር። ሰላሳ አራት ሰው ድጋሚ መሰለፉ ለእሱ በቂ ቅጣት ነው።

ሁለት ቦታ ምልክት የተደረገበት ወይም ባዶ ወረቀት ሲወጣ «ዋጋ የሌለው» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ቆጥራችሁም ጻፉ። መሬት ላይ አትጣሉት።

ደረጃ 5፦ ዙር ሦስት፣ ከ1967 እስከ 1979 (20 ደቂቃ)

ይህን ዙር አሳጥሩት። ዘመኑ በብዙ ቤተሰብ ቁስል ያለው ነው፤ አያቱ ወይም አጎቱ የሞተበት ተማሪ በክፍላችሁ ሊኖር ይችላል። እስራትን፣ ምርመራን፣ ግድያን በምንም መልኩ አታስተውኑ። «እኔ ካድሬ ልሁን» የሚል ተማሪ ሲመጣ በዚህ ጨዋታ እንዲህ ያለ ካርድ እንደሌለ ንገሩት። ከ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ጋር ከሆናችሁ ሁለተኛውን እርምጃ ብቻ ሥሩ።

እርምጃ አንድ፦ ቀበሌ። መስከረም 2 ቀን 1967 ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማውም ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ተወረሰ፤ የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ለጊዜው እንዳይመርጡና እንዳይመረጡ ተደረገ። ካርድ 1 እና 5 ይቀመጡ። አሁን ካርድ 5ን ጠይቁ፦ በ1950 ያወዳደረሽ ምን ነበር? ቤቶቼ። አሁንስ ያስቀመጠሽ? ቤቶቼ። ከዚህ በላይ አታብራሩ።

እርምጃ ሁለት፦ ሸንጎ። በ1979 በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫም ተደረገ። 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል፤ ካርድ 1 እና 5ም ይመለሳሉ። ዕጩዎች የሚቀርቡት ግን በብቸኛው ፓርቲ በኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ)፣ በብዙኃን ማኅበራት፣ በጦር ክፍሎችና በተፈቀደላቸው አካላት በኩል ነበር። እናንተ ከቤት ያዘጋጃችሁትን የሦስት ዕጩ ዝርዝር ለጥፉ። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ፤ ንግግሩን ጽፋችሁ ስጧቸው። «እኔም ልወዳደር» የሚል ሲነሳ «ያቀረበህ አካል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም። ይቀመጥ። እጅ በማውጣት ቁጠሩና እለፉ። ይህ ለፍጥነት ነው እንጂ የዘመኑ አሠራር እንዳልሆነ ንገሯቸው።

በሠንጠረዡ «45»። ሦስተኛው ዓምድ «ፓርቲውና የተፈቀደላቸው አካላት»።

አሁን ወደ ሰሌዳው አዙሯቸው። 10፣ 35፣ 45። ቁጥሩ አድጓል። «ስለዚህ ከ1950 የበለጠ ምርጫ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የቤት ሠራተኛዋ ገባች ይላል፣ ሌላው ምን ልትመርጥ ይላል። ሁለቱም ሠንጠረዡን እየጠቆሙ ይከራከሩ። በስሜት የሚናገረውን «የትኛው ዓምድ ላይ ነው ያለኸው?» ብላችሁ መልሱት።

ደረጃ 6፦ ዙር አራት፣ 1987 (የቀረው ጊዜና አራተኛው ክፍለ ጊዜ)

ሕጉን አንብቡ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38፣ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሰል ምክንያት ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፓርቲም፣ የግል ዕጩም መወዳደር ይችላል። የምርጫ ሕጉ ለመወዳደር 21 ዓመት ይጠይቃል። የተሻለ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል።

ምዝገባውንና ድምፅ አሰጣጡን እንደ ዙር ሁለት ድገሙ። አሁን ስለለመዱት ግማሽ ጊዜ ይበቃል። ካርድ 10 ብቻ ትቀራለች። ካርድ 7 ትመርጣለች፣ ለመወዳደር ግን ሁለት ዓመት ይጎድላታል። ካርድ 9 ገብቷል።

ዕጩዎቹን ሦስት አድርጉ፦ ሁለት የምናብ ፓርቲ፣ አንድ የግል። ፓርቲዎቹ ስለ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ ብቻ ይቀስቅሱ፤ ውኃ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የስፖርት ሜዳ። የአገር ጉዳይ አይነሳ።

ሲቆጠር ውጤቱ ለምሳሌ 18፣ 15፣ 12 ሆነ እንበል። 18 ያገኘው አሸንፏል። «ስንት ሰው ሌላ ሰው ነበር የመረጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። 27። ክፍሉ ይንጫጫል። «ይህ ስርቆት ነው?» አይደለም፤ ሕጉ ነው። ሌሎች አገሮች ሌላ የአቆጣጠር ዘዴ እንዳላቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸውና እለፉ። አንድ ዕጩ ከግማሽ በላይ ካገኘ ይህን ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ሥሩት።

ካልሠራ፦ «ቲቸር፣ 1997ስ?»

ይነሳል። ከፍተኛ ክፍል ከሆነ በእርግጥ ይነሳል። አትደንግጡ፣ አታፍኑም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማቆያው ላይ ጻፈው» በሉ። ይጻፈው። በክፍል ውስጥ የማንንም ፓርቲ ስም እናንተ አትጥሩ፤ የመረጣችሁትን ደግሞ በቀልድም ቢሆን አትናገሩ። ሁለት ተማሪዎች መዘላለፍ ከጀመሩ ጨዋታውን አቁማችሁ ሁሉንም ለሦስት ደቂቃ በጽሑፍ ሥራ ያዙ። «ካርዴ በዚህ ዙር ምን አገኘ፣ ምን አጣ?» ይጻፉ። የሚጽፍ ሰው ብዙ አይጮህም።

በማቆያው ላይ የተጻፉትን ለሚቀጥለው ሳምንት የቤተ መጻሕፍት ሥራ አድርጓቸው። ተማሪው መልሱን ከጽሑፍ ይዞ ይምጣ እንጂ ከሰፈር ወሬ አይሁን።

ደረጃ 7፦ ከካርዱ መውጣት (10 ደቂቃ)

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አራት ቀን «ንብረት የላትም» እየተባለች የቆየች ልጅ ካርዱን መመለስ አለባት።

1. ሁሉም ካርዱን ጠረጴዛችሁ ላይ ያኑር። ሲያኖር የራሱን ስም ይናገር።
2. ከሦስት ተማሪ በላይ አታናግሩ፤ ካርድ 5፣ 7 እና 9 ይበቃሉ።
3. በካርድ ስም መጠራራት ከዛሬ በኋላ ክልክል ነው በሉ። «ጭሰኛው!» የሚል ቅጽል በእረፍት ሰዓት ተጣብቆ ይቀራል፤ ከሰማችሁ በዚያው ቀን አስቁሙ።

ውጤት አሰጣጥ

ትወናን ነጥብ አትስጡት። አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል፦ በዕጣ የደረሰኝ ካርድ በአራቱ ዘመን ምን ደረሰበት፣ ለምን? ከአሥር አርሙ። አምስቱን ነጥብ ሕጉን በትክክል ለጠቀሰ፣ ሦስቱን መምረጥንና መመረጥን ለለየ፣ ሁለቱን ሦስተኛውን ዓምድ ላልረሳ ስጡ። «ዴሞክራሲ ጥሩ ነገር ነው» ብሎ ገጹን የሞላ ተማሪ ከእነዚህ ምንም አላገኘም።

ውጭ አገር ላላችሁ

በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ሰዎች በዚሁ ዘዴ የአሜሪካንን ታሪክ መሥራት ትችላላችሁ። ዙሮቹ እንዲህ ይሁኑ፦ እ.ኤ.አ. 1870፣ በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከል የተከለከለበት፤ 1920፣ ሴቶች፤ 1965፣ የምርጫ መብት ሕግ፤ 1971፣ ዕድሜው ወደ 18 የወረደበት። ከ1870 እስከ 1965 ባለው ጊዜ የደቡብ ግዛቶች የድምፅ መስጫ ግብርና የማንበብ ፈተና እየደረደሩ ጥቁሮችን ያግዱ ነበር። ፈተናውን በወረቀት አሳዩ፤ ልጆቹን ግን አትፈትኑበት፣ መዝጋቢ ሆኖ የሚያዋርድ ልጅም አታቁሙ። ብዙዎቹ በትምህርት ቤታቸው በቆዳቸው ምክንያት የሰሙት ነገር አለ። አንድ ካርድ «ግሪን ካርድ ያላት እናት» ይሁን። ከአራቱ ሕጎች አንዱም የመምረጥ መብት ስለማይሰጣት በአራቱም ዙር ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቋት ካርድ እሷ ናት።

ለሚቀጥለው ሴክሽን

ካርዶቹን ቆጥራችሁ በፖስታ ክተቱ። 9ኛ «ሀ» የሠራውን 9ኛ «ለ» በእረፍት ሰዓት ሰምቶታል፤ ኮሮጆ መሙላቱንም ጭምር። ምልክቶቹን ቀይሩ፣ የካርዶቹን ቁጥር አቀያይሩ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹንም ጀርባቸው ላይ ፈርማችሁ ቆጥራችሁ ለመዝጋቢው አስረክቡ።